አሌክሳንድሪያ ላሉት መካኒካችን ምስጋና፣ የመኪና ቺንጋ ለሚያሳስባችሁም ጥቆማ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ እንደ እኔ አሮጌ ሆንዳ ኦዲሲ ወይም ፓይለት የምትነዱ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የመኪናዬን ታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያስማማውን የጎማ ቀበቶ (በእኛ አጠራር ቺንጋ)፣ የቀየሩልኝን መካኒክ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

መኪናዬ የ2008 ሞዴል ኦዲሲ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ስገዛት 112 ሺህ ማይል ሄዳ ነበር፤ አሁን 148 ሺህ አልፋለች። ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ጠዋት ሦስት ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እሑድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን እወስዳለሁ። ይህች መኪና ከቆመች የቤታችን ኑሮ አብሮ ይቆማል።

ነገሩ የጀመረው ዘይት ላስቀይር በሄድኩበት ጋራዥ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣና ታይሚንግ ቤልቱ መቀየር እንዳለበት፣ ዋጋውም 1,480 ዶላር እንደሆነ ነገረኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ማይሉ ስለደረሰ ነው ከማለት በቀር ያስረዳኝ ነገር የለም። ከሥሩ ሌሎች አራት ሥራዎች ተዘርዝረው ድምሩ ከ2,300 ዶላር አልፏል። ያን ያህል ገንዘብ በእጄ አልነበረም። መኪናዋም ድምፅ አላሰማችም፣ አልተንቀጠቀጠችም፣ መብራትም አልበራባትም። የሸጠልኝ ሰው ደግሞ ቤልቱ ተቀይሯል ብሎ ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሦስት ወር ነዳኋት። ልጆቼን ጭኜ በቤልትዌዩ (ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይርዳል።

መካኒኩን የጠቆመኝ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ሙያውን በልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው የጀመሩት፤ አሁን ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር በተከራዩት ትንሽ ጋራዥ ይሠራሉ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ “ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ታውቂያለሽ?” ብለው ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በእንግሊዝኛ ሲነገረኝ አልጨበጥ ያለኝ ጉዳይ በአንዲት ቃል ቅርቤ መጣ። ተቀይሯል መባሉን ነገርኳቸው። “ወረቀት አለሽ?” አሉኝ። የለኝም። “ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብለሽ ያዢው” አሉኝ።

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ከታች ወደ ላይ አነሡ፣ የግራ እጃቸውን ጣቶች ከላይ ወደ ታች ዘረጉ። “ይህ ፒስተን ነው፣ እነዚህ ቫልቮች ናቸው። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሸሻል። የሚያስማማቸው ቺንጋው ነው። እሱ ከተበጠሰ ግን...” አሉና ጡጫቸውን ከጣቶቻቸው ጋር አጋጩት። በዚህ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ 24 ቫልቮች አሉ። ከታጠፉ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ነው የሚሠራው፤ አለበለዚያ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ነው፤ ወጪው መኪናዋ ከምታወጣው ዋጋ ብዙም አያንስም። ቺንጋው ደግሞ ሳይበጠስ በፊት አያስጠነቅቅም። መኪናዋ ዝም ማለቷ ለእኔ እንደ ማረጋገጫ ነበር፤ ለካ ምንም አይናገርም።

ሁሉም መኪና እንዲህ እንዳልሆነም አስረድተውኛል፤ ለምትሰጉ ይጠቅማችኋል። ባለአራት ሲሊንደር አኮርድ ከ2003 ሞዴል፣ ቶዮታ ሲየና ደግሞ ከ2007 ሞዴል ጀምሮ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስላላቸው ይህ ወጪ አይመለከታችሁም። በ1990ዎቹ የወጣው ባለ1.6 ሊትር ኮሮላ ቺንጋ ቢኖረውም፣ ሲበጠስ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ቫልቩ አይታጠፍም። የእኛ ባለስድስት ሲሊንደር ሆንዳ ግን ምሕረት የለውም። በተለምዶ 105 ሺህ ማይል ወይም 7 ዓመት ሲሞላ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይቀየራል። ጎማ ስለሆነ መኪናው ቆሞም ቢሆን ያረጃል።

ዋጋውን በዕቃ ካርቶን ክዳን ላይ ጻፉልኝ፦ ቺንጋው፣ መወጠሪያው፣ ኩሽኔታዎቹና የውሃ ፓምፑ አንድ ላይ 235 ዶላር፣ የራዲያተር ፈሳሽ 40፣ የውጪው ቺንጋ 30፣ የእጅ ሥራ 400። ድምሩ 705 ዶላር። በስልክ የጠየቅኩት ሌላ ሰው ቺንጋውን ብቻ በ350 እቀይራለሁ እንዳለኝ ስነግራቸው አልተቆጡም። “ድካሙ እዚያ መድረሱ ነው። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ነው። አሮጌው ፓምፕ የዛሬ ዓመት ቢበላሽ ሁሉንም እንደገና ፈትተሽ የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ” አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወስጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልከለከሉኝም፤ እንዲያውም ወንበር አመጡልኝ። የቀኙ ፊት ጎማ ወለቀ፣ ሞተሩ ከሥር በእንጨት ተደግፎ ማሰሪያው ተፈታ። ትልቁ ፈተና የፑሊው፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መንኮራኩር፣ ብሎን ነበር። በአየር የሚሠራው መፍቻ ቢሞከር ቢሞከር አልበገር አለ። በመጨረሻ ፑሊውን በልዩ መያዣ አስረው፣ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው፣ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ተጋግዘው ተጫኑት። እንደ ጥይት ጮኾ ተፈታ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ “ይህ ብሎን ከፋብሪካ ከወጣ ሰው የነካው አይመስለኝም” አሉኝ።

እንዳሉትም ቺንጋው ሲወጣ መኪናዋ ስትሠራ የገባው የመጀመሪያው ነበር። ወደ ኋላ ሲያጥፉት በየጥርሱ ሥር የተሰነጣጠቀው ታየኝ። የውሃ ፓምፑን ዘንግ በእጄ አስያዙኝና ሳወዛውዘው ተነቃነቀ፤ ከጎኑም ፈሳሹ አፈትልኮ የደረቀበት ቅርፊት ነበረው። አሥራ ሰባት ዓመት ያስቆጠረ ጎማ ነው ልጆቼን ተሸክሞ የኖረው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ጋሼ ዝም ብለው ውሃ አቀበሉኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ በሆነው ምክንያት ነው። አዲሱ ከገባ በኋላ ሞተሩን በረጅም መፍቻ በእጃቸው ስድስት ጊዜ አዙረው፣ ቺንጋው በትክክል መግባቱን የሚያሳዩትን ሦስት ምልክቶች በባትሪ ተመለከቱ። የኋላው ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ምልክት በአንድ ጥርስ ተዛንፏል። ለእኔ ዓይን ልክ ነበር፤ እሳቸው ባይነግሩኝ ፈጽሞ አላውቅም። ቀኑ ገፍቷል፣ ምሳም አልበሉም። አንዲት ቃል ሳያጉረመርሙ መወጠሪያውን አወጡ፣ ቺንጋውን አንሥተው እንደገና አስገቡ፣ እንደገና ስድስት ጊዜ አዞሩ። ሦስቱም ምልክቶች ልክ በቦታቸው ሲቆሙ “አሁን ነይና እይ” ብለው ጠሩኝ።

ሞተሩ ሲነሣ እንደ ወትሮው ጸጥ ያለ ነበር። በብሎኑ ለባከነው ጊዜ ልጨምር ብላቸው እንቢ አሉ፤ የተቀበሉት 705 ዶላር ብቻ ነው። ዕለቱንና ማይሉን በወረቀት ጽፈው በሞተሩ ክዳን ላይ ለጠፉ፣ ደረሰኝም ሰጡኝ። በዚያ የመጀመሪያው ጋራዥ ወረቀት ላይ የነበሩትን ሌሎች አራት ሥራዎችም አይተውልኛል፤ ለአሁኑ የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የአየር ማጣሪያ።

ለመሄድ የምታስቡ ይህን ዕወቁ፦ ቀጠሮ ቢያንስ ከሳምንት በፊት መያዝ አለበት፣ መኪና ሥር ሲሆኑ ስልክ አያነሡም፣ የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ነው። ሥራው ሙሉ ቀን ሊወስድ ስለሚችል ሌላ መጓጓዣ አዘጋጁ። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደምታነብልዎ ነግረውኛል። ትናንት ከሥራ ወጥቼ ልጆቹን ሳደርስ ትንሿ ልጄ “እማዬ፣ መኪናችን ዳነች?” አለችኝ። አዎ፣ ድናለች አልኳት። እጅዎ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።