ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሰጠን የሕዝብ ቆጠራ እገዛ

በ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ወቅት፣ በሜሪላንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በጎ ፈቃደኞቻችን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ይሰጡት የነበረውን እገዛ ከእናቴ ጋር ተጠቅመንበታል። ቅጹ በኢንተርኔት የሚሞላው በ13 ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም፤ ስለዚህ የቆጠራ ቢሮው በ59 ቋንቋዎች ካሳተማቸው መመሪያዎች የአማርኛውን ከእንግሊዝኛው ቅጽ ጎን አስቀምጠው፣ ጥያቄውን በጣታቸው እየተከተሉ ያስረዱ ነበር።

እናቴን ያስጨነቃት ቤዝመንት ውስጥ የሚኖረው የወንድሟ ልጅ ነበር፤ ስሙ በኪራይ ውሉ ላይ ስለሌለ አከራዩ ይሰማል ብላ ፈርታለች። የምታግዘን በጎ ፈቃደኛ ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ኤፕሪል 1 ቀን እዚህ ይኖር ከነበረ ይቆጠራል፤ ቆጠራ ቢሮው መልስዎን ለአከራይም፣ ለፖሊስም፣ ለኢሚግሬሽንም እንዳይሰጥ በሕግ ተከልክሏል» አለቻት። ስለ ዘር በሚጠይቀው ክፍል «ጥቁር» የሚለውን መርጦ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ መጻፍ እንደሚቻልም ያወቅነው ከእሷ ነው። ለእኔ የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ ይህ ትዕግሥት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚዘለለው በአብዛኛው በፍርሃት እንጂ በቸልተኝነት አይደለምና።

ቅር ያሰኘኝ ሰዓቱ ነው። እሑድን በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ የሚያሳልፉ ወገኖቻችን ሊደርሱበት አልቻሉም፤ ቆጠራው ኦክቶበር 15 እስኪዘጋ ድረስ አንድ የሥራ ቀን ምሽት ቢጨመር ኖሮ ብዙዎቹን ባገኘ ነበር።