ስታዲየም ጋ የጌም ሲዲ የምትገዙ፣ ከሻጩ እጅ ላይ ዓይናችሁን አታንሱ

ገና ንዴቱ ሳይወጣልኝ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት 3,500 ብር ተበላሁ። ስታዲየም ዙሪያ ምድር ቤት ውስጥ ያገለገለ ፕሌይስቴሽንና ሲዲ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ቲቪው ላይ ሁሌ ኳስ ጌም የተከፈተ፣ «ግባ ወንድሜ፣ ላንተ ቀንሰን ነው» የሚሉት።

የፈለግኩት ቶኒ ሀውክ 1+2ን ነበር፣ የስኬትቦርድ ጌሙን፤ 1ኛውና 2ኛው አንድ ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ተሠርተው የወጡበትን። ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሁሉም ለኳስ ሲሰለፍ እኔና አንድ ጓደኛዬ በስኬትቦርድ ስንገለባበጥ ነው ያደግነው። ለኔ እስከ ዛሬ 2ኛውን የሚያህል የለም። ማኑዋል የመጣው በሱ ነው፤ በሁለት ጎማ እየሄድክ አንዱን ትሪክ ከሌላው ትቀጥላለህ፣ ነጥቡ ይቆለላል። 3ኛው ሪቨርትን ጨመረበት፤ ከራምፕ ስታርፍ ዞር ብለህ ትሪኩን ትቀጥላለህ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተዉት፣ ሆድ ያባውን...

ሻጩ ልጅ ሲዲውን በራሱ ማሽን ከፈተልኝ። የመጀመሪያው ሜዳ፣ ዌርሀውስ፣ መጣ። ጆይስቲኩን ተቀብዬ ያንን ትልቅ ራምፕ ስወርድ፣ እውነት ለመናገር፣ የ12 ዓመት ልጅ ሆንኩ። ብሩን ወዲያው በቴሌብር ላክሁ። «ቆይ ላጽዳልህ» አለና ሲዲውን አውጥቶ ከባንኮኒው ስር ጎንበስ አለ። እኔስ ያኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ለዚያው ጓደኛዬ «አገኘሁት!!» ብዬ እየጻፍኩ። ልጁ ቀና ሲል ኬዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎታል፣ «ታክሲ ላይ እንዳይከፈትብህ» ብሎ። አመሰገንኩት። አመሰገንኩት!

ቤት ገብቼ ስከፍተው ውስጡ ያለው ቶኒ ሀውክ 5ኛው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጉድ። ሲዲው ላይ ያለው መለማመጃውና የራስህን ፓርክ የምትሠራበት ብቻ ነው፣ ዋናውን ጨዋታ ከኢንተርኔት ማውረድ አለብህ። ሲዲው 4.6 ጊጋ፣ የሚወርደው 7.7 ጊጋ። እኔ የማወርደው በስልክ ዳታ ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ ይህንን ታሪክ አሥር ዓመት ሙሉ ለሰው እየነገርኩ «እንዳትገዙት» ስል የኖርኩት እኔው ነኝ።

ተመለስኩ። ልጁ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ሁለቱም ቶኒ ሀውክ አይደል? ደግሞ 5 ከ2 አይበልጥም እንዴ?» ሶፋው ላይ ያሉት ሳቁ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና ሳይል ግድግዳውን በአገጩ አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ብሩን የላክሁበትን ሳሳየው «ብር መላክህን ያሳያል እንጂ ምን እንደገዛህ ይላል? ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። መቼ ሰጥታችሁኝ! «እንግዲያው ከየት እንደገዛኸው እኛ በምን እናውቃለን?»

እና በቃ፣ ሲዲው ከማሽኑ ወጥቶ እጃችሁ ላይ ሳይገባ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ብር አትላኩ። ኬዙን አትመኑ። ፕላስተር ካመጡማ ውጡ።

ማታ አላስችል ብሎኝ 5ኛውን አስገባሁት። መለማመጃው ይሠራል።