ራፕተር፣ ሃይሉክስ ጂአር ስፖርት ወይስ ዲማክስ? ለድሬዳዋና ለሐረር መንገድ የሚሆነው ባለ ሁለት ጋቢና

ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር እንደያዘ አይደለም። «ካሶኒው ተጭኖ ነው የሚውለው ወይስ ባዶውን?» እላለሁ። ብዙው ሰው ይህን ሳያስብ የፈረስ ጉልበት ቆጥሮ፣ የጎማውን ግዝፈት አይቶ ይገዛል። ስድስት ወር ሳይሞላው ወይ መኪናው ጭነት አልችል ብሎት፣ ወይ ለአንድ አሞርዛተር ከዱባይ የሚመጣ ሰው ሲጠብቅ አገኘዋለሁ።

ሥራዬ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ መትከል ነው። ቤቴ ድሬዳዋ ሳቢያን ይሁን እንጂ የምውለው ሺኒሌ፣ ኤረር፣ ሐዲጋላ፣ አንዳንዴም በሐረር በኩል ባቢሌ ነው። ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክሱ የራሴ ነው። አይሱዙ ዲማክሱ የባልደረባዬ ሲሆን አንድ ክረምት ሙሉ ተፈራርቀን ነድተነዋል። ፎርድ ሬንጀር ራፕተሩን ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ጉድጓዱ እስኪያልቅ ለሁለት ሳምንት ሰጥቶኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው የሚገዛው በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለውን፣ የተነዳውን ነው። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ነው።

ሰው ሁሉ ዐይኑ ራፕተር ላይ ስለሚያርፍ ከእሱ ልጀምር። ከሺኒሌ ወዲያ አስፋልቱን ለቅቆ የሚገባው ጠጠር መንገድ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። በእኔ ሃይሉክስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስሄድበት ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በራፕተሩ 80 ስነዳ መሪው በእጄ ላይ አልተንቀጠቀጠም፤ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን እያነበበ ነበር። ምስጢሩ ከታች ነው። ፎክስ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ወፋፍራም አሞርዛተሮች አሉት፤ ውስጣቸው የሚዘዋወረውን ዘይት ኮምፒውተር እንደ መንገዱ ሁኔታ ያጠብቃል፣ ያላላል። ከኋላ ባሌስትራ የለውም፣ ሞላ ነው። የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል ይቆለፋል (ግራና ቀኝ ጎማው እኩል ይዞራል)፤ ሌሎቹ ሁለት መኪኖች ግን ከኋላ ብቻ ነው የሚቆለፉት። ጎማው 33 ኢንች ነው።

ሞተሩ 3.0 ሊትር ቪ6 ቤንዚን፣ ባለ ሁለት ቱርቦ፣ ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። እዚህ ላይ ገዢ የሚሸወድበት ነገር አለ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራው 392 የፈረስ ጉልበትና 583 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ሲያወጣ፣ ያው ሞተር ለአውሮፓ ሲሠራ በጭስ ሕጉ ምክንያት ወደ 290 ተቀንሷል። 2.0 ሊትር ናፍጣ የሆነም አለ፤ እሱ ከ210 አያልፍም። ሦስቱም ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ራፕተር ነው። ስለዚህ ሻጩ ስሙን ሲጠራላችሁ ከየት አገር እንደገባና ኮፈኑ ሥር የትኛው ሞተር እንዳለ ጠይቁ።

አሁን ወደ ካሶኒው። ራፕተር መሸከም የሚችለው እንደተሠራበት ገበያ ከ650 እስከ 720 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሰውም የሚቆጠረው ከዚያ ላይ ነው። አምስት ሠራተኛ ከነጓዙ ስታስገቡ 400 ኪሎው አለቀ። ለእኔ ጄኔሬተር፣ ፓምፕና የብረት ቧንቧ የቀረው ከ300 ኪሎ ብዙም የማይዘል ነበር፤ ሥራውን በሁለት ምልልስ ጨረስኩት። የሚጎትተውም 2,500 ኪሎ ነው። ባለ 2.8 ናፍጣው ሃይሉክስና ባለ 3.0 ዲማክስ 3,500 ይጎትታሉ። ራፕተር ባዶ ካሶኒ ይዞ መሬት ላይ እንዲበር የተሠራ መኪና ነው፤ ለዚያ ሥራው እኩያ አላየሁለትም።

ነዳጁንም አስቡት። ፋብሪካው በ100 ኪሎ ሜትር ከ11.5 እስከ 13.8 ሊትር ይላል፤ ያ ግን አስፋልትና ለስላሳ እግር ነው። አሸዋ ላይ ሳሩጠው 80 ሊትሩ ታንከር እንደ ወንፊት ነበር የጎደለው። ከከተማ ራቅ ሲባል ቤንዚን የሚገኘው በጄሪካን ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ ለቆሻሻ ነዳጅ ሆደ ባሻ ነው።

ሐረር ለሚኖር ሰው ስፋቱም ጉዳይ ነው። ራፕተር ያለ መስተዋቱ ከ2 ሜትር በላይ ይሰፋል፤ መደበኛው ሃይሉክስ 1.86 ገደማ፣ ዲማክስ 1.87 ነው። በሐረር በር ገብታችሁ እስከ ፈረስ መጋላ ያለው መንገድ ይወስዳችኋል። ከዚያ ወደ ጎን ስትታጠፉ ግን ያቺ አንድ ስንዝር ግድግዳ ታስነካለች። የጀጎልን ግንብ ከመፋቅ፣ ውጭ አቁሞ በእግር መግባት ይሻላል።

ሃይሉክስ ጂአር ስፖርት ሲባል ደግሞ ሁለት በጣም የተለያዩ መኪኖች እንዳሉ ይታወቅ። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ባለ 4.0 ሊትር ቪ6 ቤንዚን ነው፤ 235 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ 376 ኒውተን ሜትር፣ ቱርቦ የሌለው። ሌላው 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው፤ 204 የፈረስ ጉልበት፣ 500 ኒውተን ሜትር፣ ከነቱርቦው። በወረቀት ላይ ቤንዚኑ ይበልጣል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያስወጣው በደንገጎ ዳገት ላይ ግን ሌላ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። እናም ያ 235 ላይኛው ጠመዝማዛ ላይ ወደ 190 ይወርዳል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይጎዳም። ቧንቧ ጭኜ ከአይሱዙ የጭነት መኪና ኋላ ተነሥቼ ለመቅደም የሚበጀኝ በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው የናፍጣው 500 ነው። ቤንዚኑ ማርሽ ወርዶ፣ ጮኾ፣ ነዳጅ ጠጥቶ ነው የሚወጣው።

የሃይሉክስ ትልቁ ችግር ባዶ ሲሆን ነው። ጂአር ስፖርቱ አሞርዛተሩ የተሻለ ቢሆንም ከኋላ ያው ባሌስትራ ነው፤ ካሶኒው ባዶ ከሆነ ኋላው ይዘላል። ጭነት ሲያርፍበት ይረጋና ሌላ መኪና ይሆናል። ቤተሰብ ብቻ ይዞ ከድሬ ሐረር የሚመላለስ ሰው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ሲያማርር ሰምቻለሁ። እውነት አለው። የሚያስመሰግነው መለዋወጫው ነው። ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋት ፈልጌ ከሰዓት አስገጥሜ እወጣለሁ። ጎማውም 265/65 ባለ 17 ስለሆነ የትም አለ።

አንድ ነገር ከራሴ ልናገር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከሺኒሌ በቀጥታ መጥቼ፣ ሙሉ ጭኜ ደንገጎን ስወጣ ግማሽ ላይ የሙቀት መርፌው ቀዩን ነካ። ውሃው ሙሉ ነበር፣ ፋኑም ይዞራል። መካኒኩ ከፊት ያለውን የኤሲ ራዲያተር ፈትቶ ሲያነሣው በእሱና በሞተሩ ራዲያተር መሀል አቧራና የሣር ዘር እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮ ነበር። አየር አያሳልፍም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለወራት አላስነፋሁትም። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ አስጥበዋለሁ። ከሦስቱ መኪና የትኛውንም የምትገዙ ሰዎች፣ በረሃ የምትገቡ ከሆነ ይህን አትርሱ።

ዲማክስን ብዙ ሰው ስለማያየው እንጂ ለሥራ ሰው ከሃይሉክስ የሚያንስ መኪና አይደለም። ባለ 3.0 ሊትሩ፣ 4ጄጄ3 የሚባለው ሞተር 190 የፈረስ ጉልበትና 450 ኒውተን ሜትር አለው። ድምፁ የጭነት መኪና ነው፤ ጠባዩም እንደዚያው፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሞቅ ደንገጎን ይወጣል። ወደ 1 ቶን ይሸከማል። አይሱዙ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ግን የጭነት መኪናው የኤፍኤስአር ዕቃ ይገጥመዋል እንዳትሉ። መካኒኩ ምልክቱን ያውቃል፣ ዕቃው ግን የራሱ ነው፤ ባልደረባዬ ለአንድ የነዳጅ ሴንሰር አሥራ አንድ ቀን ጠብቋል። ከ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፊት የተሠራ ከሆነ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ስለማይኖረው አሸዋ ለሚገባ ሰው አልመክርም። ንጹሕ ሆኖ፣ ከሃይሉክስ ረከስ ብሎ ከተገኘ ግን እኔ ሳላመነታ እገዛዋለሁ።

ከሌሎቹ ፒክአፖች የኒሳን ናቫራ ከኋላ ሞላ ስለሆነ ለቤተሰብ ይመቻል። የሚትሱቢሺ ኤል 200ም መጥፎ አይደለም። አዲሱ የፎልክስዋገን አማሮክ የፎርድ ሬንጀር ወንድም ነው። ሦስቱንም በጭነት በደንብ ስላልነዳኋቸው ወደ ፊት አልሄድም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ጭነህ የምትኖር ከሆነ ናፍጣ ሃይሉክስ፣ ካልተገኘ ዲማክስ። ካሶኒህ ባዶ ከሆነ፣ ሌላ የሥራ መኪና ካለህና ዕቃ ከውጭ የሚያመጣልህ ሰው ካላጣህ ራፕተር ግዛ፤ ደስታው እውነተኛ ነው። ቤንዚኑን ጂአር ስፖርት ግን ለእኛ ዳገት አልመርጠውም።

ስለ ውሃ ማቋረጥ ሻጮች የሚጠሩትን ቁጥር በልኩ ያዙት። ራፕተር 85፣ ዲማክስ 80፣ ሃይሉክስ 70 ሳንቲ ሜትር ይባላል። ያ ግን የቆመ ውሃ ነው። የእኛ ውሃ ቆሞ አያውቅም። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ሰው ከነቤቱ ሲወስድ ያየ ከተማ ነው የምንኖርበት። ከላይ ተራራው ላይ ደመና ካለ አሸዋው ደረቅ ቢሆንም እንኳ ወንዝ ውስጥ መኪና አይቆምም። አሸዋ ለመሻገር ደግሞ ከዲፈረንሻል መቆለፊያው በፊት የጎማው አየር ይቅደም፤ ወደ 18 ፒኤስአይ ዝቅ አድርጉት፣ አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉ። ትንሽ መንፊያ ካሶኒ ውስጥ አይጥፋ።

ልትገዙ ስትሄዱ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡትና ጫፉን እዩ። ጎርፍ የገባበት መኪና ወንበሩ ቢታጠብም ቀበቶው ተጠቅልሎ የቆየበት ቦታ ላይ የደለል መስመር ይቀራል። ካሶኒው ሥር ተኝታችሁ ሻንሲውን ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ በባትሪ ተመልከቱ፤ አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያ ብቻ ከተቀባ ብየዳ አለ ማለት ነው። ጂአር ስፖርት ነው ሲባል ግሪሉንና ተለጣፊውን አትመኑ፣ እነዚያ ተገዝተው ይገጠማሉ። በሻንሲ ቁጥሩ አስመርምሩ።

ከሁሉ በላይ ወረቀቱን። እንዲህ ያሉ ውድ ፒክአፖች ብዙዎቹ በኢንቨስትመንት ወይም በእርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነጻ የገቡ ናቸው። ቀረጡ ሳይከፈል ስመ ንብረቱ ወደ እናንተ አይዞርም። የአጎቴ ልጅ በውክልና ብቻ ገዝቶ ሁለት ዓመት በሰው ስም ነዳ፤ ባለ ስሙ ሲሞት መኪናው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ገባ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ኮፒ ተቀበሉና ድሬዳዋ ወዳለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ኮፒውን አልሰጥም ካለ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ።