ልጅ አጥታችሁ ድጋሚ ያረገዛችሁ፣ «ሙሉ ፓኬጅ» ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እህቶች፣ ይህን የምጽፈው ፅንስ ወርዶባችሁ ወይም ልጅ ሆዳችሁ ውስጥ ሞቶባችሁ አሁን ድጋሚ ላረገዛችሁ ነው። ባሎችም አንብቡት።

አዲስ አበባ ውስጥ ክትትሉንም ማዋለዱንም ጠቅልለው በአንድ ዋጋ የሚሸጡ የግል ክሊኒኮች አሉ። ገንዘቡን ቀድመው ይቀበላሉ። ጤነኛ እርግዝና ላላት ሴት ምናልባት ያዋጣ ይሆናል። ለእንደኛ ዓይነቷ ግን አያዋጣም።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን በስምንተኛ ወሬ ነው ያጣሁት፣ በደም ግፊት። ድጋሚ ሲረገዝ ፍርሃቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንዲህ የፈራች ሴት ደግሞ ክፈይ ያሏትን ትከፍላለች፣ እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሄድኩበት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ታሪኬን ስትሰማ «አንቺማ አንዴ ስላጣሽ ጎልዱን ፓኬጅ ነው መውሰድ ያለብሽ» አለችኝ። ጎልዱ ውስጥ ምን አለ? ፎር ዲ አልትራሳውንድ፣ የፎቶ አልበም፣ የሕፃን ልብስ ያለው ቦርሳ። የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ግን የለም፣ በየጊዜው ለብቻው ይከፈልበታል። ለደም ግፊት ታማሚ ዋናው እሱ ሆኖ ሳለ!

ፎቶው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፔሻሊስትም አንዴ ታይቶ ጠፋ። በየቀጠሮው የማገኘው ሌላ ሐኪም ነው። ካርዴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ «የመጀመሪያው ልጅ ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እያንዳንዱን ጊዜ ሞቱን እንደገና ማውራት ምን እንደሚመስል የደረሰባት ታውቀዋለች።

ሰባተኛ ወር ላይ ግፊቴ ሲጨምር «እኛ ጋ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና የለም» ብለው ሪፈር ጻፉልኝ። ሪፈር መጻፋቸው ልክ ነው። ግን ታሪኬን ሰምተው ሲሸጡልኝ ይህንን አያውቁም ነበር? ቀሪ ገንዘቤን ስጠይቅ «ፓኬጅ ተመላሽ የለውም፣ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል» ተባልኩ። እውነትም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ልጄ መንግሥት ሆስፒታል በሰላም ተወልዳለች፣ ተመስገን። ገንዘቡ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቁርጡን ጠይቁ። ሌሊት ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ማን ነው ያለው? ደም አለ? ቀኑ ሳይደርስ ለሚወለድ ሕፃን ምን አላችሁ? ሪፈር ብባል ስንት ይመለስልኛል? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። የማይጽፍ ቦታ አትክፈሉ፣ ወይም በየቀጠሮው ብቻ ክፈሉ።

ፎር ዲ ያማረ ፎቶ ይሰጣል እንጂ ልጅ አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ተራ አልትራሳውንድ ነው። ልጅ ላጣች ሴት ትልቁ ነገር ያኔ ለምን እንደሞተ ማወቅ ነው፤ የድሮ ወረቀታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ግፊት ከነበረባችሁ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ አስፒሪን ሐኪሙን ጠይቁት፣ ከታዘዘ ከ20ኛው ሳምንት በፊት መጀመር አለበት። ስኳርና ቂጥኝ ተመርመሩ። የደም ዓይነታችሁ ኔጌቲቭ ከሆነ የሾተላይ መርፌ ነገር አይረሳ፤ ከወሊድም ሆነ ከውርጃ በኋላ ከታዘዘ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያችው ሌሊት ሂዱ።

የመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው፣ ብዙ ሰው ይንቀዋል እንጂ። እዚያ ካርድ አውጥታችሁ ታሪካችሁን ከነገራችሁ ለስፔሻሊስት ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ወረፋው አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቀድሞ የገባ ካርድ ሌሊት በድንገት ከመድረስ በብዙ ይሻላል።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የተሰጣችሁን አገልግሎት አንድ በአንድ የሚዘረዝር ደረሰኝ ጠይቁ። አዋጅ 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ስለዚህ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ አመልክቱ። ሪፈር ስትባሉ ደግሞ ያለ ካርዳችሁ ኮፒና ያለ ላብራቶሪ ውጤታችሁ ከበሩ አትውጡ፣ የሚቀበላችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።