ሁለት ክረምት የሮጥኩባቸው ዕቃዎች፤ የተመሰገኑትም የተባረሩትም

ክረምት ስል የዝናቡን ማለቴ አይደለም። ውርጭ የሚወርድበትን፣ መንገዱ መስታወት የሚሆንበትን፣ ለሥራ ስትወጡም ስትመለሱም ጨለማ የሚቀበላችሁን የበረዶ ክረምት ማለቴ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት በጋውን ሙሉ ሮጬ፣ ብርዱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ሰነፍ ነኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩ። የተውኩበትን ቀን ግን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ሩጫው ጥሩ ነበር። ጉዱ የመጣው በር ላይ ነው። ጣቶቼን ቆፈን ይዟቸው ቁልፍ መያዝ አቃተኝ። ወደቀ፣ አነሳሁት፣ ደግሞ ወደቀ። በሁለት መዳፌ መሀል ይዤው ስታገል ከውስጥ የሚወጣ ጎረቤት ከፈተልኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማንቂያው ሲጮህ ትዝ የሚለኝ ያ በር ብቻ ሆነ። ማን ይነሳል?

በሚቀጥለው ዓመት ገና ብርዱ ሳይገባ ጓንት ፍለጋ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት ሳላቋርጥ ሮጫለሁ። በመሀል ብዙ ነገር ገዛሁ። ግማሹ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው።

ከጓንቱ ልጀምር። የመጀመሪያው አምስት ጣት ያለው፣ እጅ ላይ ልክክ የሚል ነበር። ስልክ ለመንካት ያስችላል ተብሎ ነው የገዛሁት። እውነት ነው፣ ያስችላል። እጅ ግን አያሞቅም። ሲበርደን ሰውነታችን ለውስጥ አካላት ሙቀት ያደላል፤ ወደ ጣት የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። እያንዳንዱን ጣት ለብቻው ከሸፈናችሁት ደግሞ ያቺው የቀረችው ትንሽ ሙቀት በየፊናዋ ትበተናለች። አሁን የማደርገው አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚከት፣ አውራ ጣትን ብቻ የሚለይ ጓንት ነው። ከውስጥ ስስ የሱፍ ጓንት፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ቀጭን ሽፋን። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሮጬ ሞቅ ሲለኝ ሽፋኑን ወደ ኋላ አጥፈዋለሁ። ቁልፉ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜም አልወደቀብኝም።

እንከን የለውም አልልም። አውራ ጣቱ ጋ ያለው ስፌት በሁለተኛው ዓመት ተተረተረ፤ እኔው ሰፋሁት። ደግሞ ጀርባው ላይ ለስላሳ ጨርቅ ቢያደርጉለት ምን ነበረበት? በብርድ የሮጠ ሰው አፍንጫ እንዴት እንደሚንጠባጠብ ያውቃል።

አሁን ወደ ጃኬቱ። ከሁሉም በላይ ያወጣሁበት እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ የከሰርኩበትም እሱ ነው። ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ፣ ኮፍያው እስከ ግንባር የሚወርድ። መስታወት ፊት ስቆም ተራራ የምወጣ መሰልኩ። ችግሩ ሩጫ ማለት ምድጃ ተሸክሞ መሄድ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨርቅ የላብ እንፋሎት ያስወጣል ይባላል፣ ያስወጣልም። ግን ሯጭ የሚያመነጨውን ያህል አይችልም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላኝ ከውስጥ እርጥብ ነበርኩ። መኪና ለማሳለፍ ቆም ስል ደግሞ ላቡ እንደ ቀዝቃዛ ፎጣ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ አፍጥኖ ይወስዳል። የረጠበ ሰው በወፍራም ጃኬትም ይበርደዋል።

የተካሁት በጭብጥ በምትታጠፍ ስስ የንፋስ ጃኬት ነው። ከሥሯ አንዲት የሜሪኖ ሱፍ (ሜሪኖ ከሚባል በግ የሚገኝ ለስላሳ ሱፍ) ቲሸርት። በቃ። ብርዱ ሲጠና መሀል ላይ ሌላ ቀጭን ሹራብ እጨምራለሁ። ስወጣ ትንሽ ሊበርደኝ ይገባል። በር ላይ ቆሜ ከተመቸኝ አብዝቼ ለብሻለሁ ማለት ነው። ይቺን ነገር ለማመን አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ንፋሱን ግን አትናቁት። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ካለ፣ የተገለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 13 ያህል ነው። ስለዚህ ስወጣ ንፋሱን በፊቴ እቀበለዋለሁ፤ ላብ ሲይዘኝ ከጀርባዬ ሆኖ ወደ ቤት ይገፋኛል። ተሳስቼ የገለበጥኩት ቀን ቅንድቤ ላይ በረዶ ሠርቼ ገባሁ።

ሜሪኖዋን እወዳታለሁ። ሱፍ የክብደቱን ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት በውስጡ ይዞ ቆዳ ላይ ደረቅ ሆኖ ይሰማል። ጥጥ እንደዚያ አይደለም፤ ረጥቦ ይቀራል። ሱፍ ሽታም ቶሎ አይዝም፤ ሦስት ቀን ሮጬባት ነው የማጥባት። (እቤት ያሉት በዚህ አይስማሙም።) መጥፎው ነገር ስስ ስለሆነች ብብቷ ሥር ቶሎ ትቀዳደዳለች። የመጀመሪያዋን ደግሞ በሙቅ ውሃ አጥቤ የሕፃን ልብስ አደረግኳት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።

ታይቱና ካልሲው ብዙ አያነጋግሩም። ታይቱ ፊት ለፊቱ ንፋስ የሚከላከል ቢሆን ይመረጣል። ካልሲው ቁርጭምጭሚትን ይሸፍን፣ ጫማውን ግን አያጥብበው። ጫማ ሲጠብ ደም አይዘዋወርም፣ ጣት ይደነዝዛል።

መብራት ላይ ግን ብዙ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ግንባር ላይ የሚታሰር ነበር። ካርቶኑ ላይ 400 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ የሰዓቱ ብዛት ያስደንቃል። በትንሹ ሲጽፉ ያ ሁሉ ሰዓት የሚገኘው በደካማው ብርሃን መሆኑን ይናገራሉ። አንድ ሌሊት የሚመስል ጠዋት፣ ከቤት አራት ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ድርግም አለ። ስልኬን ባወጣ እሱም ሞቷል። ግድግዳ ተደግፌ እያዘገምኩ ተመለስኩ። ቤት ገብቶ ትንሽ ሲሞቅ መብራቱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በራ! የሊቲየም ባትሪ ውስጡ የሚካሄደው ኬሚስትሪ በብርድ ይንቀራፈፋል፤ ኃይሉ እያለ መስጠት ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ስልኬን ሰውነቴ ጋ፣ ከጃኬቱ ሥር ነው የምይዘው።

ሁለተኛው መብራት ወገብ ላይ የሚታሰር ነው፤ በሱ ከመጣችሁ እጣላለሁ። ግንባር ላይ ያለ ብርሃን ከዓይን ጋር አንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥላ አያሳይም። ጎድጓዳውም እብጠቱም ሜዳ ይመስላል። በዚያ ላይ የራሴ ትንፋሽ ጉም ሆኖ ፊቴ ላይ ያበራል። ከወገብ የሚወጣው ብርሃን ግን ዝቅ ብሎ ስለሚመታ እያንዳንዱ የበረዶ ጉብታ ጥላውን ይጥላል። እግሬን የት እንደማሳርፍ አያለሁ። ባትሪውም ጃኬት ሥር ስለሚውል አይበርደውም። የሚያናድደው ቀበቶው ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ይላላል።

ስለ መታየት አንድ ነገር ብቻ። ያ ዓይን የሚወጋው ቢጫ ልብስ ለቀን ነው። በጨለማ የሚያበራው የመኪና መብራት የሚመልሰው ብርማ ጥብጣብ ነው። እሱንም ደረት ላይ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩት። እግር ወደፊትና ወደኋላ ሲል ሹፌሩ ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያል።

ጫማ ላይ የሚጠለቁ የበረዶ ጥርሶችም ሁለት ዓይነት ሞክሬያለሁ። አንዱ የሽቦ ጥቅልል ያለው ነው። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ጥሩ ነው፤ መስታወት የመሰለ ጥርት ያለ በረዶ ላይ ግን ያንሸራትታል። ሁለተኛው ጫፉ ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ የተሠራ ትንንሽ ሹል ጥርስ አለው። ይሄ ይነክሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት በመሰለ መንገድ ላይ ትከሻዬን ሳልሰቅል ሮጥኩ። ባዶ አስፋልት ላይ ግን ይቆረቁራል፣ ጥርሱም ያልቃል። የሕንፃችን መግቢያ ንጣፍ ላይ አንዴ ሳላወልቀው ገብቼ በቂጤ ተቀምጫለሁ። አሥር ኪሎ ሜትር በረዶ ላይ ሳልወድቅ!

ለአፍና ለአፍንጫ ስስ የአንገት ልብስ ይበቃል። ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያስላል። በጨርቅ ውስጥ ሲተነፈስ አየሩ ትንሽ ሞቆና ረጥቦ ይገባል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ ጨርቁ ትንፋሹ በረዶ ሆኖበት እንደ ካርቶን ይደርቃልና ሌላ በኪስ ያዙ።

ከዕቃ ውጪ የሚያስነሳኝን ከጠየቃችሁኝ፣ የስልኩ መተግበሪያ አይደለም። እሱ በተከታታይ የሮጥኩባቸውን ቀናት እየቆጠረ "ሰንሰለቱን እንዳትበጥሺ" እያለ ደረቴን እያመመኝ አስሮጠኝ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ማስታወሻውን ዘጋሁት። የሠራልኝ ማታ ልብሴን ማሞቂያው ላይ ማስጣት ነው። ሞቅ ያለ ካልሲ ከአልጋ ያወርዳል። አሥር ደቂቃ ሮጬ ካስጠላኝ እመለሳለሁ የሚል ስምምነትም ከራሴ ጋር አለኝ። ባለፈው ክረምት የተመለስኩት ሦስቴ ብቻ ነው። ከዜሮ በታች ከ15 ሲያልፍ ግን አልወጣም። ጉንጭ ወይም ጣት ደንዝዞ ከነጣም ወዲያው ወደ ቤት ነው፤ ጀግንነት የለም።

ዋናዋ ግን ጓደኛዬ ናት። "ወጥተሻል?" ብላ ትጽፋለች። "ካልሲ እያደረግኩ ነው" እላለሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ። ከዚያ በኋላ መቅረት አይቻልም፤ መንገዱ ጥግ ቆማለች።

ሁልጊዜ ቀድማኝ ነው የምትደርሰው። ስለዚህ ያንን ወፍራም ጃኬት ለሷ ሰጠኋት። ስደርስ አውልቃ አጥሩ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ስንመለስ ትለብሰዋለች። ቆሞ ሰው ለመጠበቅ ወደር የለውም ትላለች።