ከአልፋ ሮሜዮ ሞንትሪያል ጋር 14 ወር

የምኖረው ሚላን ነው። የ1973 ሞዴሏን የጣሊያን ስፖርት መኪና አልፋ ሮሜዮ ሞንትሪያል ከገዛኋት 14 ወር ሞላኝ፤ 5,200 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ።

ስሟን ያወጣላት ሕዝብ ነው። አልፋ ሮሜዮ በ1967 የሞንትሪያል ኤክስፖ ላይ ስም ያልወጣላቸው ሁለት ናሙናዎች አቀረበ፤ ተመልካቹ «ሞንትሪያል» እያለ ጠራቸውና በዚያው ጸና። ቅርጿ የመኪና ቅርጽ አውጪው ድርጅት የቤርቶኔ ባለሙያ የማርቼሎ ጋንዲኒ ሥራ ነው። ከ1970 እስከ 1977 የተሠሩት 4,000 አይሞሉም።

ልቤን የወሰደው ዓይኗ ነው። አራቱ የፊት መብራቶች ሽፋሽፍት በመሰለ ክዳን ከፊል ተሸፍነዋል፤ መብራት ሲበራ ክዳኖቹ በሞተሩ የአየር ስበት ይገለጣሉ። ኅዳር ላይ አንድ ማታ የግራው ሲወርድ የቀኙ አልንቀሳቀስ አለ። ምክንያቱ በዕድሜ የተሰነጠቀች፣ ጣት የማታህል የጎማ ቱቦ ነበረች። ቀይሬ ሳበራ ባለቤቴ ከፊት ቆማ «አሁን ነቃች!» አለች።

ሞተሩ ከቲፖ 33 የእሽቅድምድም መኪና የተወረሰ 2.6 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበት። ካርቡራቶር የለውም፣ ነዳጁን የሚያከፋፍለው ስፒካ የሚባል መካኒካል ፖምፓ ነው። በደቂቃ እስከ 4,000 ዙር ጨዋ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። አንደኛ ማርሽ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ነው። እጄ እስኪለምደው ሦስት ሳምንት ፈጀ።

የዘይት አለካኩን ግን በደንብ ልንገራችሁ። ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር ሳይሆን ለብቻው በተቀመጠ ጋን ውስጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ከጋኑ ወደ ታች ስለሚሰርግ ጎዶሎ ይመስላል። ስለዚህ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ሳይጠፋ፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ እየሠራ ነው። ይህን ያልያዘ አንድ መካኒክ በብርዱ ለክቶ ከልክ በላይ ሞላልኝ፤ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ጭስ ስታጨስ ዋለች።

አሁን የምሄድባቸው ሽማግሌ መካኒክ ሌላ ናቸው። አዲስ አበባ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ያደግኩባቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ክሩስኮት፣ ፍሬቻ፣ እሳቸው ዘንድ የአፍ መፍቻ ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን የጭስ ማውጫዋን እያሳየሁ «ማርሚታ» ስል ሰምተው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጡኝ።

ቅሬታዬ ሻንሲዋ፣ ማለትም የሥር አካሏ ላይ ነው። ጁሊያ ጂቲ ከሚባሉት የአልፋ ሮሜዮ መኪኖች ቤተሰብ የመጣ ስለሆነ ለዚህ ሞተር ለስለስ ይላል፤ የኋላ አክሱሉም ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ላይ የሚያያይዝ ድፍን ነው። ወደ ኮሞ ሐይቅ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ትጋደማለች፣ ጎርባጣ ሲያገኛት ኋላዋ ይዘላል። ኮፈኑ ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ የተደፈነ ነው፤ የተሠራው የኮፈኑን እብጠት ከዓይን ለመሰወር ነው። የኋላ ወንበር አዋቂ አይችልም። ነዳጅ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ትጠጣብኛለች።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ያን የስፒካ ፖምፓ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሳታገኙ ቀብድ አትክፈሉ። የእኔን አልሸጣትም። ቅዳሜ ማለዳ ገና ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ አስነስቻት፣ ሞቃ በሚኒሞ ስትሠራ የዘይት መለኪያውን ስመዝ፣ ያ ሰዓት ለእኔ ከሳምንቱ ሁሉ ይበልጥብኛል።