ወደተሳሳተ ኔትወርክ የሄደውን ገንዘቤን ላስመለሰችልኝ የድጋፍ ሰራተኛ

ይህን የምጽፈው አንዲት የኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ የሚገበያይበት መድረክ) የድጋፍ ሰራተኛን ለማመስገን ነው። በግሌ አመስግኛታለሁ። ግን አልበቃኝም። ክሪፕቶው ወደማይሆን ቦታ የሄደበት ሰው በጭንቀት መፍትሄ ፍለጋ ሲወጣ ቀድሞ የሚያገኘው አጭበርባሪ ነው። እሷን የመሰለ ሰው ያለው በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ሰው ይወቅልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛዬ የስራ ክፍያዬን በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ላከልኝ። የሰጠሁት አድራሻ ኤክስቼንጅ ላይ ያለኝ፣ ኢቴሪየም በሚባለው ኔትወርክ (ክሪፕቶ የሚተላለፍበት መስመር) የምቀበልበት ነበር። እሱ ግን የመላኪያ ክፍያው ስለሚረክስ የቢኤንቢ ስማርት ቼይንን ኔትወርክ መርጦ ላከ። ብሎክቼይኑ (ዝውውሮች ለሁሉም በግልጽ የሚመዘገቡበት መዝገብ) ላይ ሲታይ ገንዘቡ ደርሷል፤ «ተሳክቷል» ይላል። የእኔ ሂሳብ ላይ ግን ምንም የለም። እሱ ልኬያለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው። እኔ አልደረሰኝም እላለሁ፣ እኔም እውነቴን ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ሰው እና ሰው ያቀያይማል።

ለኤክስቼንጁ ድጋፍ ክፍል ቲኬት (የእርዳታ ጥያቄ) ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ማሽን የጻፈው የሚመስል መልስ ነው። «ይህን ኔትወርክ አንደግፍም፣ በራስዎ ኃላፊነት ነው» ብሎ ይዘጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። እባካችሁ አትቁረጡ። እኔ ቲኬቱ እንደገና እንዲታይልኝ ጠየቅሁ፤ ያኔ ነው የእሷ እጅ የገባው።

መጀመሪያ የጻፈችልኝ ነገር አረጋጋኝ። «ገንዘቡ አልጠፋም፣ የት እንዳለ ይታያል። መመለስ መቻሉን ግን አሁን ቃል ልገባልዎት አልችልም» አለችኝ። ከዚያ ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

ዩኤስዲቲ በብዙ ኔትወርኮች ላይ አለ፤ በኢቴሪየም፣ በትሮን፣ በቢኤንቢ ስማርት ቼይን እና በሌሎችም። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ስለሚጀምር ከሌሎቹ ይለያል፤ ኔትወርኩ ካልገጠመ ዋሌቱ (ክሪፕቶ የሚያዝበት መተግበሪያ) ራሱ አይሆንም ይላል። የኢቴሪየም እና የቢኤንቢ አድራሻዎች ግን መልካቸው አንድ ነው። ሁለቱም በ«ዜሮ ኤክስ» ይጀምሩና 40 ቁጥርና ፊደል ይከተላል። ላኪው ኔትወርኩን ቢሳሳት የሚያስቆመው ነገር የለም። ደግነቱ አንዱን አድራሻ በኢቴሪየም ላይ የሚከፍተው የግል ቁልፍ (ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የሚያስችል ሚስጥራዊ ኮድ) በቢኤንቢ ላይም ያንኑ አድራሻ ይከፍታል። ቁልፉ ያለው ደግሞ ኤክስቼንጁ ጋ ነው። ሲስተማቸው በዚያ ኔትወርክ የሚመጣውን ገንዘብ አይከታተልም እንጂ ገንዘቡ እጃቸው ላይ ነበር።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይመልሱም? እኔም ጠይቄያታለሁ። አንድን ቶከን (እንደ ዩኤስዲቲ በሌላ ኔትወርክ ላይ የሚሄድ ክሪፕቶ) ለማንቀሳቀስ የኔትወርኩ ክፍያ የሚከፈለው በዚያው ኔትወርክ በራሱ ኮይን ነው፤ በቢኤንቢ ስማርት ቼይን ላይ ኮይኑ ቢኤንቢ ይባላል። የእኔ መቀበያ ላይ ያለው ዩኤስዲቲው እንጂ ቢኤንቢ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ አድራሻ ትንሽ ቢኤንቢ መላክ፣ ቀጥሎ ቁልፉን ከጥብቅ ጥበቃው አስወጥቶ ዝውውሩን በእጅ መፈረም (በቁልፉ ማጽደቅ) አለበት። ይህን እሷ ብቻዋን መስራት አትችልም፤ የደህንነት ቡድኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። እየተመላለሰች የገፋችልኝ ይህንን ነው። የዘገየ ሲመስለኝ «ዛሬ አዲስ ነገር የለም፣ ግን አልረሳሁትም» ብላ ትጽፍልኝ ነበር። ሳምንታት ፈጀ። ያቺ አጭር መልዕክት ምን ያህል እንደምታሳርፍ ያየ ያውቀዋል።

የጠየቀችኝ ነገር ምን እንደነበር ልብ በሉልኝ። የትራንዛክሽኑን (የዝውውሩን) መለያ ቁጥር፣ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ መጠኑን፣ ኔትወርኩን፣ እና ደንበኛዬ ከራሱ ሂሳብ መላኩን የሚያሳይ ምስል። ከምስሉ በቀር ሁሉም ብሎክቼይኑ ላይ ለማንም ክፍት ነው። የይለፍ ቃል አልጠየቀችም። 12ቱን ወይም 24ቱን የዋሌት መክፈቻ ቃላት አልጠየቀችም። «ቅድሚያ ክፈል» አላለችም። የማስመለሻ ክፍያው የተቆረጠው ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ፣ ከዚያው ላይ ነው። መጠኑንም አስቀድማ ነግራኛለች።

በዚያው ሰሞን ስለጉዳዩ በአደባባይ ጠይቄ ስለነበር የግል መልዕክት ሳጥኔ ሞላ። አንዱ «ሀከር ነኝ፣ በሰዓታት ውስጥ አመጣልሃለሁ» ይላል። ሌላው የኤክስቼንጁን አርማ ለጥፎ ሰራተኛ ነኝ ይላል። ሌላኛዋ እሷ ራሷ ተመልሶላት እንደነበርና አንድ ሰው እንደምትጠቁመኝ ትጽፋለች። ለሰራተኛዋ ስነግራት ለማናቸውም እንዳልመልስ አጥብቃ ለመነችኝ። የተፈጸመ ትራንዛክሽንን ማንም ሀከር ወደኋላ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው የመድረሻውን ቁልፍ የያዘ ብቻ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይም በ2023 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ «እናስመልስልዎታለን» ባዮች በይፋ አስጠንቅቋል። ቀድመው ክፍያ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ፤ ወይም ሌላ ሰበብ ፈጥረው እንደገና ያስከፍላሉ። አንዴ የተጎዳ ሰው ላይ እንደገና መዝረፍ በጣም ያናድደኛል።

የሰራተኛዋን ስም እና የኤክስቼንጁን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ዛሬ ስሟን ብጽፍ ነገ በስሟ አካውንት የሚከፍቱ ይኖራሉ። ጥቆማዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ወደደረሰበት ኤክስቼንጅ ድረ ገጽ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ፣ ከውስጥ ቲኬት ክፈቱ፣ ከላይ የዘረዘርኩትን መረጃ በመጀመሪያው መልዕክት ላይ አስቀምጡ። አንዳንዶች ለዚህ የተዘጋጀ መሳሪያም አላቸው። ለምሳሌ ኮይንቤዝ የተባለው ኤክስቼንጅ ወደ መድረኩ የተላኩ የማይደግፋቸውን አንዳንድ የኢቴሪየም ቶከኖች ደንበኛው ራሱ የሚያስመልስበትን አሰራር በ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሯል።

ሁሉም ጉዳይ እንደእኔ አይደለም። ኤክስአርፒ ወይም ስቴላር የሚባሉት ክሪፕቶዎች ያለ ታግ ወይም ያለ ሜሞ (ገንዘቡ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ የሚለይ ምልክት) ከተላኩ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው። ገንዘቡ የኤክስቼንጁ የጋራ ዋሌት ውስጥ ገብቷል፤ የቤት ቁጥር ሳይጻፍበት ትልቅ ግቢ እንደደረሰ ዕቃ የማን እንደሆነ ማሳየት ብቻ ይቀራል። ወደማይታወቅ ሰው የግል ዋሌት ከሄደ ግን ያ ሰው ፈቅዶ ካልመለሰ በቀር መንገድ የለም። ወደ ቶከኑ የራሱ ስማርት ኮንትራት (ቶከኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) አድራሻ የተላከም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። እሷ ይህንንም ሳትደብቅ ነግራኛለች፤ ያመንኳትም በዚህ ነው።

ገንዘቡ ሂሳቤ ላይ የገባ ቀን ለደንበኛዬ ደወልኩለት። ከእኔ ይልቅ የተደሰተው እሱ ነው። አሁንም አብረን እየሰራን ነው።

እህቴ፣ ይህ ጽሁፍ ከደረሰሽ አንቺው ነሽ። በስራ ሰዓትሽ የማታውቂውን ሰው ጉዳይ እንደራስሽ ያዝሽው። እጅሽ ይባረክ። ከጀርባ ሆናችሁ ያንን ፊርማ የፈረማችሁ የደህንነት ክፍል ሰዎችም፣ እግዜር ይስጥልኝ።